ሄልፕ ስንጽፍ «ፋይሉ ከውጭ ተቀይሯል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ማን እየቀየረው ነው?

ማኑዋል_ጸሐፊዋ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? የሶፍትዌር መመሪያ የምትጽፉ ሰዎች ብትረዱኝ ደስ ይለኛል።

የምንሠራው የአንድ የሂሳብ ሶፍትዌር የተጠቃሚ መመሪያ ነው። በእንግሊዝኛና በአማርኛ ይወጣል። የምንጽፍበት ማድካፕ ፍሌር የሚባል የመመሪያ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ቡድናችን ትንሽ ነው። እኔና አንድ ተርጓሚ አዲስ አበባ ነን። አርታኢያችን አሜሪካ ነው ያለው። ፋይሎቹን የምንለዋወጠው የፋይሎችን ለውጥ እየመዘገበ በሚያቆይ ፕሮግራም፣ በጊት ነው።

ችግሩ እንዲህ ነው። አንድ ቶፒክ (የመመሪያውን አንድ ገጽ) ከፍቼ እየጻፍኩ ድንገት መልእክት ይመጣል። ፋይሉ ከፕሮግራሙ ውጭ ተቀይሯል፣ እንደገና ይከፈት ወይ ይላል። ያን ፋይል ከእኔ በቀር የነካው ሰው የለም። አንዳንዴ በአንድ ቶፒክ ላይ ብቻ ይመጣል። አንዳንዴ የተከፈቱት ሁሉ ተራ በተራ ይጠይቃሉ። «አዎ» ስል ብዙ ጊዜ የተለወጠ ነገር አይታየኝም። አልፎ አልፎ ግን ጽሑፉ የምር ሌላ ሆኖ ይመጣል።

በቀደም ተርጓሚያችን «አዎ» አለ። ጠዋቱን ሙሉ የተረጎመው ጠፋ። ገና ሴቭ አልተደረገም ነበር። ከዚያ ወዲህ መልእክቱ በመጣ ቁጥር ልባችን ድንግጥ ይላል።

በዚህ ላይ ሌሎች ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። አንደኛው ከጊት የሚመጣ ነው፤ የመስመር መጨረሻ ምልክት ይተካል ይላል። ሌላው ከወርድ ያስገባናቸው ቶፒኮች ላይ የሚመጣ ነው፤ ፋይሉ ከሌላ ምንጭ ጋር የተያያዘ ነው ይላል። ሦስቱም የአንድ ችግር ምልክት ይሁኑ፣ ለየብቻ ይሁኑ መለየት አልቻልንም። ፍሌርን አጥፍተን እንደገና ጫንነው። ያው ነው።

ከየት እንጀምር?

ሰርቨር_ክፍል

እህቴ፣ መጀመሪያ ሥራችሁን አድኑ። መንስኤውን ፍለጋ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

መልእክቱ ሲመጣ «አይ» በሉ። ከዚያ ቶፒኩን በሌላ ስም ሴቭ አድርጉት። አሁን ሁለት ቅጂ አላችሁ። አንዱ ስክሪናችሁ ላይ የነበረው ነው። ሌላው ዲስክ ላይ ያለው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አይታችሁ ወስኑ። «አይ» ብላችሁ በዚያው ስም ሴቭ ካደረጋችሁ ግን በተቃራኒው ትጎዳላችሁ። ዲስክ ላይ የመጣው የባልደረባችሁ እርማት ከሆነ ይደመሰሳል።

አሁን ጥያቄ ልጠይቅሽ። የፕሮጀክቱ ፎልደር የት ነው ያለው? ጊትን የምትጠቀሙት ከፍሌር ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ? ከውጭ ከሆነ ያን ጊዜ ፍሌር ክፍት ነው? ፋይሎቹን በሌላ ፕሮግራም የሚከፍት ሰው አለ? መልእክቱ የሚበዛበት ሰዓትስ አለ?

ማኑዋል_ጸሐፊዋ

እግዜር ይስጥልኝ። በቅጂው በኩል ዛሬውኑ ለተርጓሚው ነገርኩት።

ፎልደሩ «ዶክመንትስ» ውስጥ ነው። ኮምፒውተሮቹ ሲሰጡን «ዶክመንትስ» ከክላውድ ጋር ሲንክ እንዲያደርግ (ፋይሎቹን በራሱ ከኢንተርኔት ማከማቻ ጋር እንዲያመሳስል) ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። እኔ ቢሮ ዴስክቶፕ፣ ቤት ላፕቶፕ አለኝ፤ ሁለቱም በአንድ አካውንት ናቸው። ጊትን ከውጭ፣ በኮማንድ ነው የምንጠቀመው። ፍሌር ብዙውን ጊዜ ክፍት ነው። ተርጓሚው አንድን ቃል በብዙ ፋይል ላይ መተካት ሲፈልግ በኖትፓድ ይከፍታል። አርታኢያችን ማክ ነው ያለው። ፍሌር ዊንዶውስ ላይ ብቻ ስለሚሠራ እርማቱን በተራ የጽሑፍ ኤዲተር ነው የሚያደርገው።

የሚበዛው ጠዋት ስንገባ ነው።

ኮድ_በፊደል

የሰጠሽው መልስ ላይ ቢያንስ ሦስት ጸሐፊ ይታየኛል። ሰው ማለቴ አይደለም፤ ዲስኩ ላይ የሚጽፉ ፕሮግራሞችን ነው። አንድ በአንድ እንሂድ።

ፍሌር እያንዳንዱን ቶፒክ ለብቻው በጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል። በኤክስኤምኤል ደንብ የተጻፈ ኤችቲኤም ነው። ማውጫውም፣ ቫሪያብሉም፣ ስኒፔቱም እንደዚሁ የየራሱ ፋይል አለው። ለጊት የሚመቸው ለዚህ ነው። ግን በዚያው ልክ ማንኛውም ፕሮግራም ገብቶ ሊጽፍባቸው ይችላል።

እንዲህ ያለ ኤዲተር ፋይል ሲከፍት ይዘቱን ወደ ሜሞሪ ያነባል። ከዚያ በኋላ የምትጽፊው ሜሞሪ ላይ ነው። ዲስክ ላይ ያለው ሴቭ እስክታደርጊ ድረስ የቀድሞው ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ፎልደር ውስጥ የሆነ ነገር ሲነካ ለጠየቀው ፕሮግራም ሁሉ ይናገራል። የሚናገረው ግን ፋይሉ እንደተነካ ብቻ ነው። ማን እንደነካው አይናገርም። አንድ ፊደል ይለወጥ ገጹ በሙሉ አይናገርም። የተጻፈበት ሰዓት ብቻ ቢቀየርና ይዘቱ ያው ቢሆንም ይናገራል።

በዶትኔት ለሚሠሩ ፕሮግራሞች ይህን የሚከታተለው ክፍል ፋይል ሲስተም ዋቸር ይባላል። የማይክሮሶፍት ሰነድ ሁለት ነገር ያስጠነቅቃል። አንድ ሴቭ ከአንድ በላይ ማሳወቂያ ሊያስነሳ ይችላል፤ አንቲቫይረስም ተጨማሪ ሊያስነሳ ይችላል። ሁለተኛ፣ ማሳወቂያዎቹ የሚጠራቀሙበት ቦታ ካልተጨመረ በቀር 8192 ባይት ብቻ ነው። በመቶ የሚቆጠር ፋይል በአንዴ ሲቀየር ይሞላል። ሲሞላ የትኛው ፋይል እንደተቀየረ ይጠፋል።

አሁን ወደ ጊት። ጊት ፋይሉ መቼ እንደተጻፈ አይመዘግብም። ብራንች፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ ቅጂ፣ ስትቀይሪ በሁለቱ ብራንቾች መካከል የሚለያዩትን ፋይሎች እንደ አዲስ ይጽፋቸዋል። ሰዓታቸው «አሁን» ይሆናል። ወደ ቀድሞው ብራንች ስትመለሺ ደግሞ እንደገና ይጽፋቸዋል። ይዘቱ ከመነሻው ጋር አንድ ነው፤ ሰዓቱ ግን ሌላ ነው። ፍሌር ክፍት ሆኖ ይህን ካደረግሽ የተከፈቱት ቶፒኮች ተራ በተራ ቢጠይቁሽ አይግረምሽ። «አዎ» ስትዪ ምንም ለውጥ የማይታይሽ አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብዬ አስባለሁ።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። እኔም እንዲህ ያለ መልእክት ይመጣብኛል። ሁልጊዜ «አዎ» ነው የምለው። ችግር አለው እንዴ?

ሰርቨር_ክፍል

አዲስ_ገቢ፣ ሴቭ ያላደረግከው ነገር ከሌለ ችግር የለውም። ካለ ግን «አዎ» ማለት «ሜሞሪ ላይ ያለውን ጣል፣ ዲስክ ላይ ያለውን አምጣ» ማለት ነው። የማኑዋል_ጸሐፊዋ ባልደረባ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። መልስ ከመስጠትህ በፊት የቶፒኩ ትር ላይ ሴቭ ያልተደረገ ለውጥ መኖሩን የሚያሳየውን ኮከብ ተመልከት።

ቀለምና_ወረቀት

ልጆች፣ በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ። የፋይል መጠን የሚናገረውን ያህል ብዙ ሰው አይጠቀምበትም። እስቲ እሱን ልንገራችሁ።

ሁለቱን ቅጂዎች ያዙ፤ ሰርቨር_ክፍል እንዳለው የዳነውንና ዲስክ ላይ ያለውን። ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብታችሁ መጠናቸውን በባይት እዩ። በኪሎባይት ያለውን ተዉት፣ ትክክለኛውን የባይት ቁጥር ነው የምትፈልጉት።

ልዩነቱ ልክ በፋይሉ ውስጥ ያሉትን መስመሮች ያህል ከሆነ የመስመር መጨረሻ ምልክት ነው። ዊንዶውስ መስመር ሲጨርስ ሁለት ባይት ይጽፋል፤ 13 እና 10። ማክና ሊኑክስ አንድ ባይት ይጽፋሉ፤ 10 ብቻ። 400 መስመር ያለው ቶፒክ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ 400 ባይት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። የተለወጠ ቃል ግን የለም። ጊት የሚሰጣችሁ ማስጠንቀቂያ ስለዚህ ነው።

ልዩነቱ 3 ባይት ብቻ ከሆነ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የሚቀመጠውን የማይታይ የዩኒኮድ ምልክት ጠርጥሩ። የድሮው ኖትፓድ በዩቲኤፍ 8 (የዩኒኮድ ፊደላትን በባይት በሚጽፈው አሠራር) ሴቭ ሲያደርግ ሁልጊዜ ይጨምረው ነበር። በ2019 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ስሪት፣ 1903 ከሚባለው ጀምሮ፣ አዲስ ፋይል ላይ ካልታዘዘ አይጨምርም። ስለዚህ አንዱ ኮምፒውተር አሮጌ፣ ሌላው አዲስ ከሆነ አንዱ ያለ ምልክቱ ሴቭ ያደረገውን ሌላው ጨምሮበት ይመልሳል።

እዚህ ላይ ግን በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች አንድ ወጥመድ አለ። የተለመዱት ፊደሎቻችን በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዳቸው 3 ባይት ናቸው። አራት ነጥቡም 3 ባይት ነው። «ሰላም» 9 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 3 ባይት ልዩነት ሲታይ አንድ ፊደል ጠፍቶም ሊሆን ይችላል። «ይከፈላል» ወደ «ይከፈል» ሲለወጥ ልዩነቱ 3 ባይት ብቻ ነው፤ በሂሳብ መመሪያ ላይ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። መጠኑ የት እንደምትፈልጉ ይነግራችኋል። ውሳኔውን ግን ጽሑፉን አይታችሁ ስጡ።

መጠኑ እኩል ከሆነ ሃሽ አውጡ፤ ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ መለያ ነው። በፓወርሼል ጌት ፋይልሃሽ የሚለው ትእዛዝ ይበቃል። ሁለቱ ሃሾች አንድ ከሆኑ ይዘቱ አንድ ነው። የተቀየረው ሰዓቱ ብቻ ነው ማለት ነው።

ማኑዋል_ጸሐፊዋ

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። እንዳሉት አደረግን።

ብራንች ቀይሬ ስመለስ የጠየቁኝን ቶፒኮች ሃሽ አወጣሁ። ሁሉም አንድ ናቸው። የኮድ_በፊደል ግምት ትክክል ነው።

ተርጓሚው ዘንድ ያሉት ፋይሎች ደግሞ ከእኔ የሚለዩት ልክ በመስመራቸው ብዛት ነው። የጊት ሴቲንጋችንን አወዳደርን። የእኔ ፋይል ሲያወርድ መስመሩን ወደ ዊንዶውስ ይለውጣል። የእሱ አይለውጥም። ለዚህ ነው ለካ እሱ አንድ ቃል አርሞ ሲልክ ጊት ገጹ በሙሉ ተለውጧል የሚለኝ።

አንድ ፋይል ላይ 3 ባይት ልዩነት አገኘሁ። ከፍቼ ሳየው የማይታየው ምልክት ነው። ሌላ አንድ ፋይል ላይም 3 ባይት ነበር፤ እሱ ግን የእውነት የፊደል እርማት ነው። ባያስጠነቅቁን ኖሮ ሁለቱንም በአንድ ዓይን አይተን እናልፍ ነበር።

የቀረኝ የጠዋቱ ነው። ጽሑፉ የምር ሌላ ሆኖ የሚመጣው እሱ ነው።

ሰርቨር_ክፍል

የጠዋቱን በግምት አንፍታው። የሚጽፈውን ፕሮግራም ስሙን እንይ።

ማይክሮሶፍት በነፃ ከሚሰጣቸው የሲስኢንተርናልስ መሣሪያዎች ውስጥ ፕሮሰስ ሞኒተር የሚባል አለ። በኮምፒውተሩ ላይ የትኛው ፕሮግራም የትኛውን ፋይል መቼ እንደነካ ይመዘግባል። የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ የአይቲ ክፍላችሁ ይክፈትላችሁ። ዝም ብሎ ከተከፈተ በደቂቃ ውስጥ መዓት መስመር ይጭንብሻል። ማጣሪያ አድርጊበት። ፓዙ (የፋይሉ አድራሻ) የፕሮጀክትሽ ፎልደር የሆነውን ብቻ ያሳይ። ከዚያ ኦፕሬሽን በሚለው በኩል ሦስት ነገር ፈልጊ። ራይት ፋይል ይዘት መጻፉን ያሳያል። ሴት ቤዚክ ኢንፎርሜሽን ፋይል ሰዓቱን ወይም ባሕርዩን መንካቱን ያሳያል። ሴት ሪኔም ኢንፎርሜሽን ፋይል ደግሞ ስም መለወጡን ያሳያል። የመጨረሻው ለምን ያስፈልጋል ብትዪ፣ ብዙ ፕሮግራሞች መጀመሪያ ጊዜያዊ ፋይል ላይ ጽፈው ከዚያ ስሙን ወደ ዋናው ይለውጣሉ። እንዲህ ሲሆን በዋናው ስም የተመዘገበ ራይት ፋይል ላታገኚ ትችያለሽ።

ጠዋት ፍሌርን ከመክፈትሽ በፊት አስጀምሪው። መልእክቱ ሲመጣ ሰዓቱን ያዢ። ከዚያ በዚያ ሰዓት አካባቢ ያለውን መስመር እዪ፤ የመጀመሪያው ዓምድ አጠገብ የፕሮግራሙ ስም አለ።

ቨርጂኒያ_ነኝ

እስከዚያው እኔም ያየሁትን ልጨምር። ፋይል በፍላሽ የምትለዋወጡ ካላችሁ ይጠቅማችኋል።

ፍላሹ የተዘጋጀው ፋት 32 በሚባለው የፋይል አያያዝ ከሆነ ፋይሉ የተጻፈበትን ሰዓት በ2 ሰከንድ ደረጃ ነው የሚይዘው። የኮምፒውተራችሁ ዲስክ ኤንቲኤፍኤስ ደግሞ እጅግ በረቀቀ መጠን ይይዛል። ፋይሉ በፍላሽ ሄዶ ሲመለስ ሰዓቱ ስለተጠጋጋ ብቻ ከዋናው ይለያል። በዚያ ላይ ፋት 32 የሚመዘግበው የአካባቢውን ሰዓት ነው፤ ኤንቲኤፍኤስ ግን የዓለም አቀፉን። አዲስ አበባ ላይ የተቀዳ ፍላሽ ቨርጂኒያ ላይ ሲከፈት በበጋ 7 ሰዓት፣ በክረምት 8 ሰዓት ይዛነፋል። የኢትዮጵያ ሰዓት አይለዋወጥም፤ የእኛ ግን በዓመት ሁለቴ ይዞራል። በጋና ክረምት ያልኩት እንደ አሜሪካ ነው።

በሮቦኮፒ፣ በዊንዶውስ የመቅጃ ትእዛዝ፣ የምትቀዱ ከሆነ የ2 ሰከንዱን ልዩነት እንዲያልፈው የሚያደርግ አማራጭ አለው፤ ኤፍኤፍቲ ይባላል።

አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ የዴስክቶፑን ባትሪ እዩ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ካለቀች መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ ሴቭ የተደረገ ፋይል የድሮ ቀን ይይዛል። በኋላ ሰዓቱ ከኢንተርኔት ሲስተካከል «አዲስ» እና «አሮጌ» የሚለው ሁሉ ይደበላለቃል።

ፈጣን_እጅ

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ላይ ፋይል ሲቀየር ሳይጠይቅ እንዲያድስ ማድረግ ይቻላል። እኔ እንደዚያ ነው የምሠራው። መልእክቱን ማጥፋት የሚቻልበት መንገድ ካለ አጥፉትና ሥራችሁን ሥሩ።

ኮድ_በፊደል

ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። ሎግ ፋይል ለሚያነብ ሰው ያ ሴቲንግ ይመቻል። ሎግ ላይ አይጻፍበትም፤ ይነበባል። እዚህ ግን ሰው ሰዓታት የተረጎመው ጽሑፍ ነው ያለው። ሳይጠይቅ የሚያድስ ኤዲተር ያንን ሳይጠይቅ ያጠፋዋል። የማኑዋል_ጸሐፊዋ ባልደረባ ቢያንስ ተጠይቆ ነበር።

ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የሚያደርገውን እወድለታለሁ። ፋይሉ ላይ ሴቭ ያልተደረገ ለውጥ ከሌለ ዝም ብሎ ያድሰዋል። ካለ ግን ያንተን አይነካም። ሴቭ ልታደርግ ስትል ዲስክ ላይ ያለው አዲስ መሆኑን ነግሮህ ሁለቱን እንድታወዳድር ያደርግሃል። ሁሉም የጽሑፍ መሣሪያ እንዲህ ቢሆን ምኞቴ ነው። እስኪሆን ድረስ ማስጠንቀቂያው ይኑር፤ የሚበዛበትን ምክንያት እናስወግድ።

ፈጣን_እጅ

ልክ ነህ፣ ያልተቀመጠ ሥራ ላይ አይሆንም። በኮድና በሎግ ልምዴ ነው የተናገርኩት።

ማኑዋል_ጸሐፊዋ

ተገኘ! አይቲ ክፍሉ ፕሮሰስ ሞኒተርን ከፈተልኝ።

ጠዋት ፍሌርን ስከፍት ቶፒኮቹ ላይ እየጻፈ የነበረው የክላውድ ሲንኩ ነው። ማታ ቤት ላፕቶፕ ላይ የሠራሁትን ነው ቢሮ ዴስክቶፑ ላይ የሚያወርደው። ኔትዎርኩ ሲዘገይ እኔ ሥራ ከጀመርኩም በኋላ ማውረዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ቶፒኩን የምከፍተው የትናንት ቀን ቅጂ እያለ ነው፤ ከደቂቃዎች በኋላ የማታው ይመጣበታል። ጽሑፉ የምር ሌላ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። የጊት ድብቅ ፎልደር ውስጥም እየጻፈ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አየሁ። አንድ ቶፒክ ስሙን ስቀይር ፍሌር ሊንኮቹን ላድስ ወይ ይለኛል። እሺ ስል ወደዚያ ቶፒክ ሊንክ ያላቸውን ፋይሎች ሁሉ ራሱ ይጽፋቸዋል። ይህ ጤነኛ ነው መሰለኝ?

ሰርቨር_ክፍል

የስሙ ጉዳይ ጤነኛ ነው። ስም ከመቀየርሽ በፊት የተከፈተውን ሁሉ ሴቭ አድርጊ፤ ከዚያ እሺ በዪው።

የጊት ፎልደሩ ግን ዛሬ ነገ የማይባል ነው። ጊት እዚያ ውስጥ ብዙ ትንንሽ ፋይሎች አሉት። አብረው መለወጥ አለባቸው። ሲንክ ፕሮግራሙ ይህን አያውቅም። ግማሹን ከቤት፣ ግማሹን ከቢሮ አምጥቶ ሲያስቀምጥ ሪፖው፣ ማለትም የጊት ማከማቻው፣ ሊበላሽ ይችላል። ሁለቱ ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ከጻፉ ደግሞ የተባዛ ፋይል የኮምፒውተሩ ስም ተለጥፎበት ታገኚያለሽ። ፕሮጀክትሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ስም ካየሽ አትሰርዢው፤ ውስጡ ያልተላከ ሥራ ሊኖር ይችላል።

እንዲህ አድርጊ። በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ያልተላከ ሥራ ካለ ኮሚት አድርገሽ (ጊት ላይ መዝግበሽ) ወደ ሰርቨሩ ላኪ። ፍሌርን ዝጊ። ከዚያ ሲንክ የማይደርስበት ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ሲ ድራይቭ ሥር በከፈትሽው ፎልደር፣ ሪፖውን ከሰርቨሩ እንደ አዲስ አውርጂ። አሮጌውን ፎልደር ቆርጠሽ አታዛውሪው። የተበላሸ ነገር ካለ አብሮ ይሄዳል። ላፕቶፑ ላይም እንደዚሁ። ከዚያ በኋላ የቤቱን ወደ ቢሮ የሚያደርሰው ጊት ብቻ ይሁን። ማታ ያልጨረስሽውንም ቢሆን በራስሽ ብራንች ላይ ኮሚት አድርገሽ ላኪው፤ ጠዋት ፍሌርን ከመክፈትሽ በፊት አምጪው።

አሮጌውን ፎልደር ስሙን ለውጠሽ ለተወሰነ ጊዜ አቆዪው።

ኮድ_በፊደል

በመስመር መጨረሻው በኩል ደግሞ የእያንዳንዱን ሰው ሴቲንግ ለማስተካከል አትድከሙ። አዲስ ሰው ሲገባ እንደገና ይበላሻል። ደንቡን ሪፖው ውስጥ አስቀምጡት። ጊት አትሪቢዩትስ የሚባል ፋይል አለ። እዚያ ውስጥ ለሁሉም ፋይል ቴክስት አውቶ የሚለውን ደንብ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ሪፖው ውስጥ የሚቀመጠው በአንድ ዓይነት ምልክት ይሆናል። ማክ ያለውም ዊንዶውስ ያለውም ይገዛበታል።

ቀድሞ የገቡት ፋይሎች ግን በራሳቸው አይስተካከሉም። ከ2018 ጀምሮ፣ ከስሪት 2.16 ወዲህ፣ ጊት ሪኖርማላይዝ የሚል አማራጭ አለው፤ ሁሉንም በአንዴ ያስተካክላል። ይህን ስታደርጉ ሌላ ምንም እርማት አትቀላቅሉበት። ለብቻው አንድ ኮሚት ይሁን። ከዚያ በፊት ሁሉም ሰው ሥራውን ልኮ ይጨርስ፤ አለበለዚያ ግጭት በግጭት ትሆናላችሁ።

አዲስ_ገቢ

እንዲህ ሲደረግ ሁሉም መስመር በአንድ ሰው ስም የተጻፈ አይመስልም? ማን ምን እንደጻፈ ማየት ስንፈልግስ?

ኮድ_በፊደል

ጥሩ ጥያቄ ነው። አዎ፣ ይመስላል። ግን ከ2019 ወዲህ፣ ከስሪት 2.23 ጀምሮ፣ ጊት ብሌም፣ የእያንዳንዱን መስመር ጸሐፊ የሚያሳየው ትእዛዝ፣ የተወሰኑ ኮሚቶችን ዘልሎ እንዲያይ ማዘዝ ይቻላል። የዚያን ኮሚት መለያ በአንድ ፋይል ላይ ጽፋችሁ ሪፖው ውስጥ አስቀምጡት። ጊት ከዚያ በፊት የነበረውን ጸሐፊ ያሳያችኋል።

ቀለምና_ወረቀት

የወርዱን ማስጠንቀቂያ የመለሰላት አላየሁም። እሱ ከእነዚህ ጋር ዝምድና የለውም።

ልጄ፣ ፍሌር የወርድ ሰነድ ሲያስገባ ቶፒኩን ከምንጩ ጋር አያይዞ ማቆየት ይችላል። ወርዱ ሲታረም ቶፒኩን እንደገና ያስገባዋል። ውጤት ከመውጣቱ በፊት ይህን በራሱ እንዲያደርግ የሚያዝ ምርጫም አለ። ስለዚህ የተያያዘ ቶፒክ ላይ ፍሌር ውስጥ ብታርሚ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከወርዱ ሲገባ እርማትሽ ይጠፋል። ማስጠንቀቂያው ይህን ነው የሚልሽ። እውነቱን ነው።

መወሰን ያለባችሁ ዋናው ሰነድ የትኛው እንደሆነ ነው። ባለሙያዎቹ አሁንም ወርድ ላይ የሚጽፉ ከሆነ ግንኙነቱን ተዉት፤ እርማቱንም ወርዱ ላይ አድርጉ። ወርዱ አንዴ ገብቶ ያበቃ ከሆነ ግንኙነቱን ቁረጡት። ሁለቱም ቦታ ማረም ግን አይሆንም። የትኛው ቶፒክ ከየትኛው ሰነድ እንደመጣ በሠንጠረዥ ያዙ። ሰው ሲለወጥ ያድናችኋል።

ማኑዋል_ጸሐፊዋ

ሁሉንም አደረግን።

ፕሮጀክቱ ከ«ዶክመንትስ» ወጥቷል። በሁለቱም ኮምፒውተር ከሰርቨሩ እንደ አዲስ ወርዷል። አሮጌው ፎልደር ውስጥ የኮምፒውተሬ ስም የተለጠፈባቸው ቅጂዎች ነበሩ። ከፍተን አየናቸው። አንዱ ውስጥ የጠፋ የመሰለን የደመወዝ ግብር ምዕራፍ እርማት ተገኘ። የመስመር ማስተካከያው በአንድ ኮሚት ገብቷል። ከወርድ የመጡትን ምዕራፎች ግንኙነት ቆርጠናል፤ ባለሙያዎቹ ከእንግዲህ አስተያየታቸውን በፒዲኤፍ ላይ ይሰጡናል።

መልእክቱ አሁን የሚመጣው ፍሌር ክፍት ሆኖ ከጊት ሲወርድ ብቻ ነው። እሱንም ዘግተን ማውረድ ለምደናል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የአማርኛ ቶፒኮቻችንን የፋይል ስም በአማርኛ ነው የምንሰጠው። ጊት ስታተስ (የተቀየሩ ፋይሎችን የሚዘረዝረው ትእዛዝ) ላይ ግን ስሙ በ341 የሚጀምሩ ቁጥሮች ሆኖ ይመጣል። ተርጓሚው የማናውቀው ፋይል ገባ ብሎ ሊሰርዘው ነበር። ይህ ከሲንኩ የመጣ ብልሽት ነው?

ቨርጂኒያ_ነኝ

አይደለም፣ እንዳይሰርዘው! የራሳችሁ ፋይል ነው። ጊት ከእንግሊዝኛ ውጭ ያለን የፋይል ስም ካልታዘዘ በባይቶቹ ቁጥር ነው የሚያሳየው። ቁጥሮቹ በስምንትዮሽ ናቸው። ጋሼ እንዳሉት እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ፊደል ሦስት ቁጥር ታያላችሁ። ለምሳሌ «ሰ» 341፣ 210፣ 260 ሆኖ ይወጣል። የተለመዱት ፊደሎቻችን ሁሉ በ341 ነው የሚጀምሩት።

የጊት ሴቲንግ ውስጥ ኮር ኮትፓዝ የሚባለውን ፎልስ አድርጉት። ይህ በየኮምፒውተሩ ነው የሚደረገው፤ ለአርታኢያችሁም ንገሩት።

ማኑዋል_ጸሐፊዋ

አደረግነው፤ ስሞቹ በአማርኛ መጡ። ተርጓሚው ሊሰርዘው የነበረው የደረሰኝ ቶፒካችን ነበር። ለአርታኢያችን ልኬለታለሁ፤ እሱ ጋ ገና ሌሊት ስለሆነ ሲነሳ ያደርገዋል። ጋሼ፣ ሰርቨር_ክፍል፣ ሁላችሁም፣ እግዜር ያክብርልኝ።